የውሃ ውስጥ ዴሲቤል ምንድን ነው?

«ዓሣ ነባሪ ሲያወራ 230 ዴሲቤል፣ ጄት ሲነሣ 140 ዴሲቤል» የሚለው ወሬ ሰሞኑን እንደገና እየዞረ ነው። የ90 ዴሲቤል ልዩነት በኃይል ቢሊዮን እጥፍ ነው ብሎ ያሰላም አልጠፋም። ስሌቱስ ልክ ነው፤ የማይገናኙት የተቀናነሱት ቁጥሮች ናቸው። ይህን ሲነግሩት ደግሞ «አየርም ሆነ ውሃ፣ ዴሲቤል ያው ዴሲቤል ነው» ብሎ የሚሟገት ይመጣል። አይደለም።

ዴሲቤል አንድ ግፊት ከተመረጠ መነሻ ግፊት ስንት እጥፍ እንደሆነ በሎጋሪዝም የሚናገር ንጽጽር ነው። መነሻው ካልተነገረ ቁጥሩ ባዶ ነው። ለአየር መነሻው 20 ማይክሮፓስካል (እጅግ ትንሽ የግፊት መለኪያ) ነው፤ ጤነኛ የሰው ጆሮ መስማት የሚጀምረው እዚያ ግድም ስለሆነ ተመረጠ። ለውሃ ግን 1 ማይክሮፓስካል ተወሰደ። ስለዚህ ያው ግፊት በሁለቱም ቢለካ የውሃው ንባብ በ26 ዴሲቤል ከፍ ይላል። ማንም አብልጦ አልጮኸም።

እህል ገበያ የዋለ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የደብረ ማርቆሱ ነጋዴ ባነሰ ቁና ሰፍሮ «ሃያ ሸጥሁ» ቢል፣ የባሕር ዳሩ በሰፊ ቁና «አሥራ አምስት» ቢል፣ ማን አበለጠ? ቁናዎቹን ሳያስተያዩ መፍረድ የለም። 26ቱ ዴሲቤል የቁናው ልዩነት ነው። እዚህ ድረስ የሚያርሙ አሉ፤ አርመው ግን ይቆማሉ፤ የባሰው ስሕተት ደግሞ ከዚህ ቀጥሎ ነው። ቁናው አንድ ቢሆን እንኳ ቁና ጤፍና ቁና ኑግ ሚዛን ላይ እኩል አይወጡም። ግፊትም በውሃና በአየር እንደዚሁ ነው። ውሃ ከአየር እጅግ የከበደ ነው፤ ድምፅም በአየር በሰከንድ 340 ሜትር ሲሄድ በውሃ 1,500 ሜትር ግድም ይሄዳል። እነዚህ ሁለቱ ተባዝተው ያው ግፊት በውሃ ውስጥ የሚሸከመውን ኃይል ከአየሩ 3,600 ጊዜ ያህል ያሳንሱታል፤ በዴሲቤል ሌላ 36 ግድም ማለት ነው። 26ና 36 ሲደመሩ 62። ይህን ሳይቀንስ ዓሣ ነባሪን ከጄት ጋር የሚያወዳድር ሰው ኑጉን በጤፍ ሒሳብ እየሸጠ ነው።

ከዚህ ወዲያ ቁናው አያገለግልም፤ ቁና ይደመራል፣ ዴሲቤል ግን እንደዚያ አይደመርም። እያንዳንዳቸው 188 ዴሲቤል የሚያሰሙ ሁለት ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎች ጎን ለጎን ቢሆኑ 191 ይሆናሉ እንጂ 376 አይሆኑም።

ለመሆኑ 230 የሚባለው ከየት መጣ? ስፐርም ዌል ከሚባለው ባለጥርስ ዓሣ ነባሪ ነው። በ2003 የታተመ ልኬት እስከ 236 ዴሲቤል አስመዝግቦለታል። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ግን 62ቱን ቀንሰውለት እንኳ ከጄት ጋር ለማስተያየት አይመችም። ድምፁ የሚቆየው የሚሊሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ሲሆን የጄቱ ጩኸት አያቋርጥም። ወደ ፊት ብቻ የሚተኮስ ስለሆነም በጎን በኩል ያለ ሃይድሮፎን (የውሃ ውስጥ ማይክሮፎን) በጣም ያነሰ ይመዘግባል። ከእንዲህ ያሉ ቁጥሮች ጋር የሚጻፈው «ከ1 ሜትር» የሚለው ርቀት ደግሞ የሒሳብ ርቀት ነው። የእንስሳው ጭንቅላት ብቻውን የሰውነቱን ሲሶ ስለሚያህል 1 ሜትር ላይ ገና ከጭንቅላቱ አልወጣችሁም። የሚደረገው በሩቅ ለክቶ ወደ ኋላ ማስላት ነው፤ በ1 ኪሎ ሜትር ከተለካ ለስርጭቱ 60 ዴሲቤል ይጨመራል፣ ውሃው የዋጠው ለብቻው ይታሰባል። የርቀት ግምቱ በእጥፍ ከተሳሳተ ውጤቱ በ6 ዴሲቤል ይዛነፋል።

ከሁሉ የሚያናድደው «ሲያወራ» የሚለው ነው። ያ ድምፅ ንግግር አይደለም፤ በጨለማ ጥልቅ ውስጥ አደን መፈለጊያ ነው፣ ተኩሶ ገደል ማሚቶውን መስማት። ስፐርም ዌሎች ርስ በርስ የሚግባቡት ኮዳ በሚባሉ አጫጭር የጠቅታ ምቶች ነው። በካሪቢያን፣ ዶሚኒካ አካባቢ ከሚሰሙት አንዱ ጠቅ፣ ትንሽ ቆይቶ ጠቅ፣ ከዚያ ጠቅጠቅጠቅ ነው፤ ሁለት ዝግ ያሉ፣ ሦስት የተቻኮሉ። የኮዳ ጠቅታ ከአደኑ ጠቅታ ይደክማል። እዚህ ላይ ትርጉም ያለው በምቶቹ መካከል ያለው ጊዜ ነው እንጂ ጉልበታቸው አይደለም። ዶልፊኖችም ራሳቸውን የሚያስታውቁበት የየግል ፉጨት 160 ዴሲቤል ግድም ነው፤ በአየር ሒሳብ 98። ጄት የት፣ ይህ የት።

ሁለት ጽሑፎች ስለ አንድ እንስሳ የተለያየ ቁጥር ከሰጡ መጀመሪያ አለካኩን እዩ። ከሞገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ የተለካ ንባብ፣ ሞገዱ ንጹሕ ከሆነ፣ ከአማካዩ ንባብ በ9 ዴሲቤል ይበልጣል። የድግግሞሹ (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ፣ በሄርዝ የሚለካው) ነገርም አይረሳ፦ የሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ጥሪ በብዛት 20 ሄርዝ አካባቢ፣ የዶልፊን ጠቅታ ደግሞ 120 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ ነው። ሁለቱም ከሰው ጆሮ ወሰን ዳርና ውጪ ስለሆኑ «ጆሮ ይበጥሳል» የሚለው ፍርድ ቦታ የለውም።

ጣና ላይ በሃይድሮፎን ልለማመድ ለሚል፦ የመሣሪያው ስሜት (ለ1 ማይክሮፓስካል ግፊት ስንት ቮልት እንደሚያወጣ በዴሲቤል የሚናገረው ቁጥር) −165 ከሆነ 1 ቮልት ማለት 165 ዴሲቤል ነው። አምፕሊፋየሩ (ማጉያው) 20 ዴሲቤል የሚጨምር ከሆነ ያንን ቀንሱ፤ ሰው ሁሉ የሚረሳው ይህን ነው። ሞተሩን አጥፉ፤ ሃይድሮፎኑን ከጀልባው በቀጥታ ሳይሆን በተንሳፋፊና በሚለጠጥ ገመድ አንጠልጥሉት። የ20 ሄርዝ ድምፅ ሞገዱ 75 ሜትር ይረዝማል፤ ጣና ደግሞ አማካይ ጥልቀቱ 10 ሜትር ስለማይሞላ እንዲህ ያለ ድምፅ ርቆ አይጓዝበትም። ስለዚህ በ20 ሄርዝ ግድም ኃይለኛ ነገር ካነበባችሁ ገመዱ ሲንቀጠቀጥ ወይም ማዕበሉ ጀልባውን ሲመታ ነው።