የታሸገ ምግብ፦ ከሻምፓኝ ጠርሙስ እስከ ሰርዲን ቆርቆሮ

ምግብ እንዳይበላሽ ማድረግ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ስጋው ተዘልዝሎ ቋንጣ ይሆናል። የተረፈው እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል። ቅቤው ይነጠራል፤ እንሰቱ ጉድጓድ ገብቶ ቆጮ ሆኖ ይወጣል። በእነዚህ ሁሉ ግን ምግቡ መልኩንና ጣዕሙን ይቀይራል። በቆርቆሮ የታሸገ ምግብ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። መረቁን፣ ዘይቱን ወይም ጭማቂውን እንደያዘ ለዓመታት ይቀመጣል። ፀሐይ አይፈልግም፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ ብዙ ጨውም የግድ አይደለም። ሥራው ሁለት ነው፦ ውስጥ ያሉትን ተህዋስያን በሙቀት መግደል፣ ሌላ እንዳይገባም አጥብቆ መዝጋት።

ሲነገር ቀላል ነው። ዘዴውን ያገኘው ሰው ግን ለምን እንደሚሠራ ሳያውቅ ነው የሞተው።

ሰውየው ኒኮላ አፐር ይባላል። በ1749 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፈረንሳይ ሻምፓኝ አውራጃ ተወለደ። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ነበረው፤ እሱም ከምግብ ቤት አድጎ ፓሪስ ውስጥ ጣፋጭ መሥራትና መሸጥ ጀመረ። ወደ 1795 ገደማ ሙከራውን ተያያዘው። ወፍራም የሻምፓኝ ጠርሙስ ወስዶ አተር፣ ስጋ፣ መረቅ፣ ወተት ይሞላበታል። በቡሽ ይወትፈዋል፣ በሽቦ ያስረዋል፣ በጨርቅ ጠቅልሎ የፈላ ውሃ ውስጥ ይከተዋል። የትኛው ምግብ ስንት ሰዓት መቀቀል እንዳለበት የሚያውቀው በመሞከር ብቻ ነው። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ጠርሙሶቹን መርከብ ላይ ጭኖ ፈተናቸው፤ ውጤቱም ጥሩ ሆነ።

በ1810 የፈረንሳይ መንግሥት 12,000 ፍራንክ ሸለመው። ቅድመ ሁኔታው ዘዴውን ጽፎ ለሕዝብ ማሳተም ነበር። ብዙ ቦታ ናፖሊዮን ራሱ ውድድር አውጆ አፐር እንዳሸነፈ ተደርጎ ይወራል። ታሪኩ ያምራል፤ ገንዘቡ የመጣው ግን በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል፣ ሥራው ከተሠራ በኋላ ነው። ማሲ በምትባል ከተማ የነበረው ፋብሪካ በ1814 በጦርነት ወደመበት። በ1841 በድህነት ሞቶ በጅምላ መቃብር ተቀበረ። የጊዜው ትልቁ የኬሚስትሪ ሊቅ ጌ ሉሳክ “ምግቡ የማይበላሸው ኦክስጅን ስለሌለ ነው” ብሎ ደምድሞ ነበር። ትክክለኛውን መልስ፣ ማለትም ምግብ የሚያበላሹት ተህዋስያን በሙቀት መሞታቸውን፣ ያመጣው ሉዊ ፓስተር ሲሆን፣ እሱም አፐር ከሞተ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ጠርሙስ ይሰበራል፤ በተለይ መርከብ ላይ። አፐር በተሸለመበት በዚያው ዓመት፣ በ1810፣ ፒተር ዱራንድ የተባለ ነጋዴ ለንደን ውስጥ በቆርቆሮ የማሸግን ዘዴ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ሐሳቡን ያገኘው ፊሊፕ ደ ዢራር ከሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ ስሙ የቀረው ግን የዱራንድ ነው። ቆርቆሮ የሚባለው ማዕድን የተቀባ ብረት አይሰበርም፣ ቶሎም አይዝግም። ብራያን ዶንኪንና ጆን ሆል መብቱን ገዝተው በ1813 ለንደን በርመንድሲ ውስጥ ፋብሪካ ከፈቱ፤ ዋናው ደንበኛቸው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሆነ። ያኔ እያንዳንዱ ጣሳ በእጅ ተቆርጦ፣ ተጠቅልሎ፣ በእርሳስ ተበይዶ ነው የሚሠራው። ዋጋውም የድሃ አልነበረም።

አስቂኙ ነገር መክፈቻ አለመኖሩ ነው። በ1824 ወደ ሰሜን ዋልታ አካባቢ የሄደው የኤድዋርድ ፓሪ ጉዞ ይዞት የነበረ አንድ የጥጃ ስጋ ጣሳ ላይ የተጻፈው መመሪያ ክዳኑን በመሮና በመዶሻ ቁረጡ ይላል። የቆርቆሮ መክፈቻ የመጣው በ1850ዎቹ ነው፤ ማለትም ጣሳው ከተፈጠረ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ። የፓሪ ጉዞ የጥጃ ስጋም ከመቶ ዓመት በኋላ ተከፍቶ ተመረመረ። ስጋው ደህና ነበር፤ ለድመት ተሰጥቶ ድመቷ ምንም አልሆነችም።

ሁሉም ጣሳ ግን እንደዚያ አልነበረም። በ1845 ሰር ጆን ፍራንክሊን 129 ሰዎችን በሁለት መርከብ ይዞ ወደ ሰሜን ዋልታ በረዶ ገባ፤ አንድም ሰው አልተመለሰም። ስንቃቸው ውስጥ ወደ 8,000 የሚጠጉ ጣሳዎች ነበሩ። ያቀረባቸው ስቲቨን ጎልድነር ዝቅተኛ ዋጋ ሰጥቶ ጨረታውን ያሸነፈ ሲሆን፣ ሥራውንም በጥድፊያ ነው ያደረሰው። በ1980ዎቹ ከበረዶው ስር የወጡት አስከሬኖች ሲመረመሩ ከፍተኛ እርሳስ ተገኘባቸው፤ ጣቱም ወደ ጣሳዎቹ ብየዳ ተቀሰረ። ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶች ግን እርሳሱ ከሌላ ቦታም ሊሆን ይችላል ብለው ጥያቄ አንስተዋል። የጎልድነር ነገር ሌላም ጉድ ነበረው፦ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ለባሕር ኃይሉ ያቀረበው ስጋ ሲከፈት በብዛት በስብሶ ተገኘና ትልቅ ቅሌት ሆነ። ከ1900 በኋላ ክዳኑና ጎኑ ያለ ብየዳ፣ በድርብ እጥፋት የሚያያዝበት ጣሳ እየተስፋፋ መጣ። ዛሬ ጫፉን በጣት ስትዳስሱ የሚሰማችሁ ጉብታ ያ እጥፋት ነው።

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ከዚያም በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ወታደሩ የጣሳ ምግብ እየበላ ከረመ። ሲመለስም ልማዱን ወደ ቤቱ ይዞት ገባ። በፈረንሳይ ናንት ከተማ ከ1820ዎቹ ጀምሮ ሰርዲን በዘይት መታሸግ ጀምሮ ነበር። ዛሬ የሰርዲኑ ንግድ ማዕከል ሞሮኮ ናት።

ፋብሪካ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ምግቡ ይታጠባል፣ ይቆረጣል፣ ለአጭር ጊዜ ይቀቀላል። በትኩሱ ጣሳ ውስጥ ይሞላል፣ አየሩ ይወጣል፣ ክዳኑ ይታጠፋል። ከዚያ በእንፋሎት ግፊት በሚሠራ ትልቅ ድስት ውስጥ ይገባል። የሚፈለገው ሙቀት ብዙ ጊዜ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ይህ ሁሉ የሚደረገው በተለይ ለአንድ ባክቴሪያ ሲባል ነው፤ ክሎስትሪድየም ቦቱሊነም ይባላል። አየር በሌለበት ቦታ ይራባል፣ ስፖሩ (ጠንካራ ሽፋን ያለው ዘር መሰል ቅርጹ) የፈላ ውሃን ለሰዓታት ይቋቋማል፣ የሚያመነጨው መርዝ ደግሞ ሰውነትን ሽባ አድርጎ ትንፋሽ እስከ መዝጋት ይደርሳል። አሲድ ያለበት ቦታ ግን አይመቸውም። ስለዚህ እንደ ቲማቲምና አናናስ ያሉ ኮምጠጥ ያሉ ምግቦች ወደ 100 ዲግሪ ብቻ ቢሞቁ ይበቃል። ስጋ፣ ዓሣ፣ ባቄላና ጎመን ግን ያለ ግፊት ድስት አይሆኑም።

ይህ ለአዲስ አበባ ሰው የበለጠ ይመለከተዋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። “በቤቴ ስጋ ቀቅዬ በጠርሙስ አሽጋለሁ” የሚል ሰው አፐር ከነበረው ሙቀት እንኳ ያነሰ ይዞ ነው የሚነሳው። አፐር እድለኛ ነበር፤ እድልን መተማመኛ ማድረግ ግን አይቻልም።

አገራችን ውስጥ በቆርቆሮ ታሽጎ በየቤቱ የገባው የቲማቲም ድልህ ነው። በላይኛው አዋሽ የሚገኘው የመርቲ ፋብሪካ ድልህና ማርማላታ ለብዙ ዓመታት የቤት ስም ሆኖ ኖሯል። ቲማቲም ሲወደድ፣ ወይም እንግዳ በድንገት ሲመጣ፣ ቁሌቱ ላይ አንድ ማንኪያ ድልህ ጣል ይደረጋል። ቀጥሎ ሰርዲንና ቱና ይመጣሉ። የወንደላጤውና የካምፓስ ተማሪው ምግብ ናቸው። ሽንኩርቱን ማቁላላት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ጨምሮ ማብሰል፣ መጨረሻ ላይ ሰርዲኑን ከነዘይቱ መገልበጥ፤ ከዚያ በዳቦ ወይም በእንጀራ። ጾም ላይ ዓሣ የሚበላ ሰው የጾም ምግብ ያደርገዋል፤ ዓሣም አይገባም የሚለው ደግሞ ሹሮው አለለት።

የታሸገ ስጋ ግን ብዙም አልቀናውም። መልጌ ወንዶ የስጋ ፋብሪካ የታሸገ ስጋ ያመርት ነበር፤ የከተማው ሱፐርማርኬትም ከውጭ የመጣ ኮርንድ ቢፍ (በጨው ተዘጋጅቶ የታሸገ የበሬ ስጋ) አያጣም። ታዲያ ለምን አልተለመደም? ዋጋው አንድ ምክንያት ነው፤ ጥሬና ትኩስ ስጋ መውደዳችንም ሌላ። ለእኔ ትልቁ ምክንያት ግን ማን አረደው የሚለው ጥያቄ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የራሱ ሃይማኖት ሰው ያረደውን ነው የሚበላው፤ ሥጋ ቤቱም ለዚህ ብሎ መስቀል ወይም ጨረቃ በሩ ላይ ያደርጋል። ጣሳው ግን አራጁን አይናገርም። ሰርዲን አይታረድም፣ ቲማቲምም አይታረድም፤ ሁለቱ ያለ ጥያቄ ገበታችን ላይ የወጡት በዚህ ይመስለኛል። በባሕረ ሰላጤው አገራት ሱቆች የሐላል ምልክት ያለበት ኮርንድ ቢፍ ሞልቷል፤ እዚያ የሚሠራው ሙስሊም ወገናችን ጥያቄው ተመልሶለታል። እዚያው የምትሠራው ክርስቲያን እህት ግን እንደገና ቱና ነው የምታነሳው።

ባዶው ጣሳ ደግሞ የራሱ ሕይወት አለው። ገበያ ላይ እህል፣ ባቄላና ቆሎ በጣሳ ይሰፈራል፤ የዱቄት ወተት ጣሳ በተለይ መስፈሪያ ሆኖ ያገለግላል። በረንዳ ላይ አበባ ይተከልበታል፣ መብራት በሌለበት ኩራዝ ይሠራበታል። የተረፈውን ቆራሌው እየጮኸ በየሰፈሩ ገዝቶ ይወስደዋል። መርካቶ ምናለሽ ተራ የደረሰ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦና ተቆርጦ ምድጃ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ወይም ሌላ የቤት ዕቃ ሆኖ ይወጣል። የእርዳታ ዘይት ይመጣባቸው የነበሩት ትልልቅ ቆርቆሮዎችም በብዙ የገጠር ቤት ውስጥ ዕቃ ማስቀመጫ ሆነው ቀርተዋል።

ስትገዙ ቀኑን እዩ፤ ከቀኑ በላይ ግን ጣሳውን እዩ። ጎኑ ላይ ትንሽ መሰርጎድ ብዙ አይጎዳም። እጥፋቱ ላይ ከተሰረጎደ፣ ከዛገ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ተዉት። ክዳኑ ካበጠ፣ ወይም ሲከፈት ፊሽ ብሎ ከረጨ፣ ቀምሶ ማረጋገጥ የሚባል ነገር የለም፤ የቦቱሊዝም መርዝ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል። ተከፍቶ የተረፈውን ደግሞ ወደ ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ ገልብጣችሁ፣ ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። አየር ከገባበት በኋላ ጣሳው እንደማንኛውም ድስት ነው፤ በሦስት በአራት ቀን ውስጥ መበላት አለበት።