መብራት ሲጠፋ ውሃው ባለበት አይቀርም፦ ስለ ትልቅ አኳሪየም የሚነገሩ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ቤት የሠራ ሰው ደወለልኝ። ሳሎኑ ውስጥ 2 ሜትር የሚረዝም አኳሪየም ይፈልጋል። ስለ ዓሣው፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ መብራቱ ቀለም ብዙ አወራን። የቧንቧ መስመሩ ጋ ስንደርስ ግን "አቦ፣ እሱ ቀላል ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ውሃውም ባለበት ይቀራል" አለኝ። ይህን ነገር ከዚራም፣ መጋላም፣ ሐረር ድረስ ሄጄም ሰምቼዋለሁ። ከባለቤት ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ከቧንቧ ሠራተኛም ሰምቼዋለሁ። ሰልችቶኛል፤ በዚህ እምነት የተነሳ የተበላሸ ቤት በዓይኔ አይቻለሁና።

ትልቅ አኳሪየም ብዙ ጊዜ ሁለት ገንዳ አለው። አንዱ ላይ የምናየው ነው። ሌላው ከሥር፣ መቆሚያው ውስጥ የተደበቀው ማጣሪያ ነው፤ ሳምፕ እንለዋለን። ውሃው ከላይ በራሱ ክብደት ወደ ሳምፕ ይወርዳል። ተጣርቶ በፓምፕ ወደ ላይ ይመለሳል። አሁን መብራት ጠፋ እንበል። ፓምፑ ቆመ። የመመለሻው ቱቦ ግን በውሃ እንደተሞላ ነው፤ አፉም ላይኛው ገንዳ ውስጥ ጠልቋል። ስለዚህ በተቃራኒው መሳብ ይጀምራል። ከበርሜል በጎማ ናፍጣ ስቦ ያወረደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አንዴ ከጀመረ የቱቦው አፍ አየር እስኪያገኝ ድረስ አይቆምም።

አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ገንዳው 2 ሜትር በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ነው። የገጠመው ሰው ቱቦው እንዳይታይ ብሎ አፉን ከውሃው ገጽ 25 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ ተክሎታል። ሌሊት መብራት ጠፋ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በዚህ ገንዳ 1 ሳንቲ ሜትር ውሃ ማለት 12 ሊትር ነው። 25 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ 300 ሊትር ይሆናል። ሳምፑ ውስጥ የቀረው ባዶ ቦታ ከ40 ሊትር አይበልጥም ነበር። የተረፈው 260 ሊትር ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሆን 13 ጀሪካን ማለት ነው። ጠዋት ስጠራ የመቆሚያው ቺፑድ በር አብጦ አልከፈት አለኝ። ዓሦቹ በሕይወት ነበሩ። ውሃው ውስጥ የነበረው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ግን ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል። ማከፋፈያ መሬት ላይ አይቀመጥም። ግድግዳ ላይ፣ ከሳምፑ አፍ በላይ ይሰቀላል። ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረገብ ይበል፤ ጠብታ ቢመጣ እዚያው እንዲንጠባጠብ።

ይህን ስናገር ሁሉም የሚመልስልኝ አንድ ነው፦ "ቼክ ቫልቭ እንገጥማለን።" ውሃው ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል የሚዘጋ ቫልቭ ማለታቸው ነው። ግጠሙ። ግን እሱን አትመኑ። የድሬዳዋን ውሃ ታውቁታላችሁ፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው ኖራ ቫልቩም ውስጥ ይሠራል። ጥቂት ወራት ብቻ የሠራ ቫልቭ ፈትቼ አይቻለሁ። የሚዘጋበት ከንፈር ላይ እንደ ጥፍር ጫፍ የቀጠነች ነጭ ጠርዝ ይዛለች። ያቺ ስስ ጠርዝ ቫልቩ እንዳይገጥም ትበቃለች። ሌሊቱን ሙሉ በዚያች ክፍተት ውሃ ይወርዳል።

የሚያስተማምነው አሠራር ርካሽ ነው። የመመለሻውን አፍ ከውሃው ገጽ ከ2 ወይም ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ አታጥልቁት። ቱቦው ላይ፣ ልክ ከውሃው ገጽ ሥር፣ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ ብሱ። ውሃው እዚያ ሲደርስ አየር ይገባና መሳቡ ይቋረጣል። ቀዳዳዋን በየሳምንቱ በስቲኪኒ አጽዱ፤ አረንጓዴ ዝቃጭም ኖራም ይደፍናታል። ሳምፑ ውስጥም ቢያንስ 60 ሊትር የሚይዝ ባዶ ቦታ ተዉ።

ከዚያ ፈትኑት። እኔ ሥራ ሳስረክብ ሶኬቱን የሚነቅለው ባለቤቱ ነው። ውሃው ወርዶ እስኪቆም አብረን ቆመን እናያለን። የቆመበትን ከፍታ ሳምፑ ላይ በማርከር አሰምራለሁ። እንደገና ሰክተን ሲረጋጋ ሁለተኛውን መስመር አሰምራለሁ። ፓምፑ እየሠራ ውሃው ከሁለተኛው መስመር በላይ እንዲሞላ አልፈቅድም። ይህን ያላሳያችሁን ባለሙያ ሒሳቡን ሳትከፍሉ አቆዩት።

"ብረቱ ወፍራም ከሆነ መቆሚያው ይችላል።" ሌላው የምሰማው ስህተት ይህ ነው፤ እዚህም ላይ ትንሽ ልቆይ። ያንኑ ገንዳ እንውሰድ። ሙሉው ውሃ 720 ኪሎ ነው። ባለ 12 ሚሊ መስታወቱ 130 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጠጠርና ድንጋይ፣ ሳምፑ ውስጥ ያለው ውሃ፣ ብረቱ ራሱ ሲደመር ከ1 ቶን ያልፋል። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ወፍራም ቱቦላሬ ይገዛሉ። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውፍረቱ አይደለም። የላይኛው ፍሬም እግሮቹ አናት ላይ መቀመጥ አለበት። ከጎን ከተበየደ ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው የብየዳው መስመር ይሆናል። ብየዳ ደግሞ ሲሞቅ ብረቱን ያጣምማል። ስለዚህ ከተበየደ በኋላ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ክር ወጥራችሁ ለኩ፤ ከዚያ ውሃ ልክ አስቀምጡበት። መስታወት ክብደት ይችላል፤ መጣመም አይችልም። ፍሬሙ ላይ 18 ሚሊ ኮምፐርሳቶ፣ እሱ ላይ ስስ ፎም ይነጠፋል። ብርድ ልብስ አጣጥፎ ማንጠፍ መፍትሔ አይሆንም።

ወለሉንም አትርሱ። ሴራሚኩን በሳንቲም አንኳኩት። ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ ሥሩ ሲሚንቶ የለም፤ እግሩ ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። ሐረር ጀጎል ውስጥ አንድ ወዳጄ ገንዳውን ሳሎኑ መደብ ላይ ሊያሳርፈው አስቦ ነበር። ያማረ ቦታ ነው፤ ግን የእሱ መደብ በአፈር የተሞላ ነው። 1 ቶን ሲጫንበት በአንድ ወገን ቢሰምጥ መስታወቱ ይሄዳል። ለመንኩት፣ ወደ ሲሚንቶው ወለል አወረድነው። ፎቅ ላይ ለምታስቡ ደግሞ መሐንዲስ ሳታማክሩ አትጀምሩ።

"የፓምፑ ካርቶን ላይ 4000 ሊትር ይላል፣ ስለዚህ በሰዓት 4000 ሊትር ይገፋል።" አይገፋም። ያ ቁጥር ውሃውን ምንም ከፍ ሳያደርግ የሚሰጠው ነው። እዚያው ካርቶን ላይ ከፍተኛው ከፍታ 3 ሜትር ከተባለ፣ 3 ሜትር ላይ የሚወጣው ዜሮ ነው። የእናንተ ገንዳ ከሳምፑ 1 ሜትር ከ20 ከፍ ብሎ፣ መንገዱ ላይ አራት ጎሚቶ (የቱቦ መታጠፊያ) ካለ፣ ግማሹን ብታገኙ ጥሩ ነው። ለዚህ ገንዳ ላይ ደርሶ የሚወጣው በሰዓት ከ2000 እስከ 3000 ሊትር ከሆነ በቂ ነው።

"መውረጃውና መመለሻው እኩል ይሁኑ።" መመለሻውን ፓምፕ ይገፋዋል፤ መውረጃው ያለው የራሱ ክብደት ብቻ ነው። የመመለሻው ቱቦ 32 ሚሊ ከሆነ የመውረጃው 50 ሚሊ ይሁን። አጠገቡም ሁለተኛ፣ ባዶ የሚቆይ መውረጃ ትከሉ፤ አንዱን ቅጠል ቢደፍነው ፓምፑ ገንዳውን ሞልቶ እንዳያፈሰው።

"ትንሽ የመዳብ ቱቦ ምን ያደርጋል?" ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይገድላል። የፕላስቲክ ቱቦ፣ ፒቪሲ ወይም ፒፒአር ተጠቀሙ።

"ረጅም ገንዳ ይፈነዳል።" ይበልጥ የሚያስፈራው ጥልቁ ነው። የውሃው ግፊት የሚጨምረው ወደ ታች በወረድን ቁጥር ነው።

"ድሬ ስለሚሞቅ ለዓሣ ጥሩ ነው።" ብዙዎቹ የሞቃት አገር ዓሦች ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይወዳሉ። ግንቦት ላይ ሳሎናችሁ ከዚህ ያልፋል። የሞቀ ውሃ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። ስለዚህ የመመለሻውን አፍ የውሃውን ገጽ እንዲያናውጥ አዙሩት። ሳምፑ ላይ ትንሽ ቬንቲሌተር አድርጉ፤ ውሃው ሲተን ይቀዘቅዛል። መብራት ለጠፋበት ሰዓት በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይኑራችሁ።

"የተነነውን ከሞላሁ ውሃ ቀየርኩ ማለት ነው።" የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ኖራው እዚያው ይቀራል። በላዩ የቧንቧ ውሃ ስትጨምሩ ሌላ ኖራ ትጨምራላችሁ። በየሳምንቱ ከ10 እስከ 20 በመቶውን ቀድታችሁ አውጡና ሙሉ፤ ውሃው ክሎሪን ካለው አስቀድማችሁ በማስወገጃው አክሙት። ይህን ውሃ የሚወድ ዓሣ ከፈለጋችሁ ሲክሊድ የሚባሉትን የማላዊ ሐይቅ ዓሦች ያዙ። እነሱ ኖራ የበዛበትን ውሃ ይችላሉ፤ የድሬ ውሃም ይስማማቸዋል።