የመርፌ ህክምና (አኩፓንክቸር) ለነርቭ ራስ ምታት፦ ከጅማ ሲታይ

አኩፓንክቸር ቀጫጭን መርፌዎችን በተመረጡ የሰውነት ቦታዎች ላይ በመትከል የሚሰጥ፣ መነሻው ቻይና የሆነ ህክምና ነው። ብዙ ሰው በአጭሩ "የቻይና መርፌ" ይለዋል። መርፌው ቀዳዳ የለውም፣ መድኃኒትም አይገባበትም። ብዙ ሰዎችን ወደዚህ ህክምና ከሚያመጡ ችግሮች አንዱ የማይለቅ ራስ ምታት ነው። በአማርኛ አንድ ላይ የተሰበሰበ መረጃ ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ ይህ ዳሰሳ የጅማና የአካባቢዋን አንባቢ አስቦ ተዘጋጅቷል።

"ነርቭ ነው" ሲባል

ጅማ ላይ ራሱን የሚያመው ሰው ወይ "ሳይነስ ነው" ይባላል፣ ወይ "ነርቭ ነው"። ሁለቱም ቃላት ከሚገባቸው በላይ ብዙ ነገር ይሸከማሉ። ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ህመሞች መለየት አለባቸው።

የመጀመሪያው በውጥረት የሚመጣው ነው። ሻሽ ጥብቅ አድርገው ያሰሩበት ያህል ግንባርንና ማጅራትን ጨምድዶ ይይዛል። ሁለተኛው ማይግሬን ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ይወቅራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል። ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ሦስተኛው በትክክል የነርቭ ህመም የሚባለው ነው። የፊትን ስሜት የሚሸከመው አምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ፣ ትራይጀሚናል፣ ሲታመም ጉንጭንና መንጋጋን እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል። ንዝረቱ ከሰከንድ ክፍልፋይ እስከ ሁለት ደቂቃ ይቆያል። ፊት መታጠብ፣ ማኘክ፣ በመፋቂያ ጥርስ መነካካት፣ ነፋስ እንኳ ይቀሰቅሰዋል። ጥርስ መስሏቸው ደህና ጥርስ አስነቅለው ህመሙ አብሯቸው የቀረ ሰዎች አሉ። ከማጅራት ተነስቶ ወደ አናት የሚወጣ ተመሳሳይ የነርቭ ህመምም አለ።

በቡና አገር ሌላም ነገር መታወቅ አለበት። በቀን ሦስቴ ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ራሱን ያመዋል። በረመዳን የመጀመሪያ ቀናት ብዙዎች ከሰዓት በኋላ ራሳቸውን የሚይዙበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የህመም ማስታገሻ ማብዛትም ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያሉትን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለወራት የሚውጥ ሰው መድኃኒቱ ራሱ ህመም ሊሆንበት ይችላል። እነዚህን ሁለቱን መርፌ አይፈታቸውም።

በአካባቢው የቆዩ ልማዶች

መርፌ ከመምጣቱ በፊትም ጅማ ለራስ ምታት እጅ አጥሯት አያውቅም። ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂው ይጠጣል፣ ግንባር ላይም ይቀባል። ራስ በሻሽ ይታሰራል። ዋግምትም አለ። ጫፉ የተበሳ ቀንድ ቆዳ ላይ ተደፍቶ አየሩ በአፍ ይሳባል፣ ቆዳው ወደ ውስጥ ያብጣል፣ ከዚያ ተበጥቶ ደም ይወጣል። ሙስሊሙ ማኅበረሰብ ዘንድ ሂጃማ በተመሳሳይ መንገድ በብርጭቆ ይሠራል። አንዳንድ ሰው እነዚህን ከአኩፓንክቸር ጋር አንድ ያደርጋቸዋል። አንድ አይደሉም። አኩፓንክቸር ደም ለማውጣት ተብሎ አይሠራም፣ አይበጣም።

አጭር ታሪክ

የቻይና የህክምና ጽሑፎች ስለ መርፌ ማውሳት ከጀመሩ ከ2,000 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1822 የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ራሱ ህክምናውን ከቤተ መንግሥቱ የህክምና ተቋም አስወጥቶት ነበር። በ1971 አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጄምስ ሬስተን ቤጂንግ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ህክምና ተደርጎለት፣ ከዚያ በኋላ ለመጣበት የሆድ ህመም በመርፌ መታከሙን ሲጽፍ ምዕራባውያን በብዛት ሰሙት። ዩኔስኮ በ2010 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል።

ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ጅማ

ኢትዮጵያና ቻይና የዲፕሎማሲ ግንኙነት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ከ1974 ጀምሮ የቻይና የህክምና ቡድኖች ወደ አገራችን እየተፈራረቁ መጥተዋል። ባለሙያዎቹን የምትልከው የሄናን ክፍለ ሀገር ናት። አዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የዚሁ ወዳጅነት ፍሬ ሲሆን፣ አኩፓንክቸር ከሚሰጥባቸው የመንግሥት ሆስፒታሎች አንዱ ነው።

ጅማ በህክምና የራሷ የከበረ ታሪክ አላት። ሆስፒታሏ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለወራሪው ወታደር ተብሎ ተሠራ። ከነፃነት በኋላ የሕዝብ ሆኖ ራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታል ተባለ፣ በደርግ ጊዜ ደግሞ ጅማ ሆስፒታል። እ.ኤ.አ. በ1983 የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ይህ ተቋም ተማሪን ከመማሪያ ክፍል አውጥቶ ወደ ቀበሌና ወደ ገጠር ቤት በመላክ ማስተማርን ባህሉ አደረገ። ታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. ኢንስቲትዩቱ በ1952 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተው የጅማ እርሻ ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሆስፒታሉ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ህክምና ማዕከል ይባላል። ከኢሉባቦር፣ ከከፋ፣ ከዳውሮ ሳይቀር ሰው በሪፈር ይመጣበታል። እዚያ የተማረ ሐኪም የታማሚውን ቤት ደጃፍ ረግጦ ያውቃል፤ ጭስ የሞላበት ኩሽናና የእንቅልፍ እጦት ራስ ምታትን እንዴት እንደሚያባብሱ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የተማረው።

የነርቭ ስፔሻሊስት ግን በአገር ደረጃም ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

እንዴት ይሠራል?

ታካሚው ይተኛል ወይም ተደግፎ ይቀመጣል። ቆዳው በአልኮል ይጠረጋል። መርፌው ከሩብ ሚሊሜትር ገደማ አይወፍርም። ባለሙያው በትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አድርጎ በጣቱ መታ ሲያደርገው ይገባል። ሹክ ያለ ነገር ይሰማል፤ ከዚያ ቦታው ከበድ፣ ደንዘዝ ይላል። ለራስ ምታት ከሚመረጡ ቦታዎች መካከል ከማጅራት በላይ ያሉት ሁለት ጎድጓዶች (ፌንግቺ)፣ በዓይን ጫፍና በጆሮ መካከል ያለው የግንባር ጎን (ታይያንግ) እና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋ (ሄጉ) ይገኛሉ። መርፌዎቹ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተተክለው ይቆያሉ።

ባህላዊው ማብራሪያ "ቺ" የሚባል የሕይወት ኃይል በመስመሮች ይፈስሳል የሚል ነው። እነዚህ መስመሮች በአናቶሚ አልተገኙም። ሳይንስ የሚያውቀው ሌላ ነገር ነው። ትራይጀሚናል ነርቭና የላይኛው አንገት ነርቮች ህዋስ ለህዋስ የሚገናኙት አንድ ቦታ ላይ፣ በላይኛው ህብለ ሰረሰር ውስጥ ነው። የአንገት ህመም ግንባር ላይ የሚሰማው ለዚህ ነው። ማጅራት ላይ የተተከለ መርፌ ግንባርን ሊያሳርፍ የሚችለውም በዚህ መንገድ ይመስላል።

ማስረጃው

ለማይግሬን ማስረጃው ደህና ነው። የህክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 22 ጥናቶችን አንድ ላይ መዝኖ ነበር። መርፌ ከተሰጣቸው 100 ሰዎች 41ዱ የራስ ምታት ድግግሞሻቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀነሰ። ያልተሰጣቸው ግን 17 ብቻ ናቸው። ከአስመሳይ መርፌ፣ ማለትም እውነተኛ መስሎ ለማወዳደሪያ ብቻ ከሚሰጥ መርፌ ጋር በተወዳደረባቸው ጥናቶች ልዩነቱ ይጠብባል፤ ከ100 ሰዎች በእውነተኛው 50፣ በአስመሳዩ 41። ለውጥረት ራስ ምታትም ተመሳሳይ ነው፤ 52 ለ43። ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ ጀርመን ውስጥ የተሠራው ትልቅ የማይግሬን ጥናት ደግሞ የእውነተኛው መርፌ 47 በመቶ፣ የአስመሳዩ 39፣ የመደበኛው መድኃኒት 40 በመቶ አስመዝግቧል። ልዩነቱ ትርጉም ያለው ሆኖ አልተገኘም። እኔ ከዚህ የምረዳው መርፌው ከመከላከያ መድኃኒት የማይተናነስ መሆኑን ነው። የመርፌው ቦታ ምርጫ ግን እንደሚወራው ወሳኝ አይመስልም።

ለትራይጀሚናል ህመም ማስረጃው ደካማ ነው። እዚያ ቀዳሚው መድኃኒት ካርባማዜፒን ነው፤ በመርፌ ተስፋ እሱን ማቆም ልክ አይደለም።

ጥንቃቄ

መርፌው ከታሸገ ወጥቶ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ መወገድ አለበት። በጋራ መርፌ ሄፓታይተስ ቢ ይተላለፋል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ቀድመው ይናገሩ። ድንገት እንደ መብረቅ የመታ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የማጅራት መድረቅ፣ የእጅ እግር መዛል፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ህመም ሲኖር በቀጥታ ሆስፒታል ነው። ትኩሳት ካለ ደግሞ በዚህ አካባቢ ወባ መታየት አለበት።

ለመርፌ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው

መጀመሪያ ሐኪም ህመሙን በስሙ ይጥራው። የብሪታኒያ መመሪያ ለማይግሬንና ለሥር የሰደደ የውጥረት ራስ ምታት መርፌ እስከ 10 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ሊሰጥ ይችላል ይላል። ይህ ማለት በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። ጅማና አዲስ አበባ መካከል 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፤ በአሰንዳቦ፣ በጊቤ ሙቀት፣ በወልቂጤ አልፎ። ማይግሬን ያለበት ሰው ያን መንገድ በየሳምንቱ መመላለስ ራሱ ያነሳበታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ወር ከሁለት ሳምንት የሚያርፍበት ሁኔታ ቢያመቻች ይሻላል። ከመሄዱ በፊት በትንሽ ደብተር አንድ ወር ሙሉ ያመመውን ቀን፣ የዋጠውን ክኒን፣ የጠጣውን ቡና ይጻፍ። ከተመለሰም በኋላ ሦስት ወር ይቀጥል። መርፌው ረድቶት እንደሆነ የሚያውቀው ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርጎ ቀኖቹን ሲቆጥር ነው።