በፈር ምንድን ነው?

«ትልቅ ፋይል በቤሲክ ስታነብ በፈሩን የፋይሉን ያህል አድርገውና ተገላገል» የሚል ምክር በፕሮግራም መጻፊያው ቋንቋ በቤሲክ ተጠቃሚዎች ዘንድ አሁንም አሁንም ብቅ ይላል። ይሄ ፋይሉን እንዳለ ሜሞሪ ላይ መዘርገፍ ነው። በፈር የሚባለው፣ ማለትም ከዲስክ የተነበበው ለጊዜው የሚያርፍበት የሜሞሪ ቦታ፣ መጋዘኑ ሳይሆን መጫኛው ነው።

ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ መኪና በማይገባበት ጠባብ መንገድ ሱቅ ያለው ሰው ያውቀዋል። ጭነቱ በሩ ላይ ይራገፍና በአህያ ይገባል። ሽንኩርት አንድ አንድ እያነሳ የሚመላለስ የለም፤ መኪናውን ሙሉ አንዲት አህያ ላይ ልጫን የሚልም የለም። በፈር የአህያዋ ሸክም ነው። በ64 ኪሎባይት ሸክም፣ ማለትም በ65,536 ባይት፣ የ1 ጊጋባይት ፋይል በ16,384 ምልልስ ያልቃል። ከዚያ በላይ መጫን ብዙም አያፈጥንም፤ ወረፋው ሱቅ ውስጥ ደርዳሪው ዘንድ፣ ማለትም የተነበበውን የሚያስተናግደው ፕሮግራም ዘንድ ነው።

«ላይን ኢንፑት በየመስመሩ ዲስክ ድረስ ይሄዳል» ለሚሉት ደግሞ፦ አይሄድም። እሱም፣ መስመር በመስመር የሚያነበው ትእዛዝ፣ የራሱ አህያ አለው። ኩዊክ ቤሲክ በሚባለው የቤሲክ ዓይነት ላይ ካልተነገረው 512 ባይት ይጭናል፤ ፋይል መክፈቻው ትእዛዝ ኦፕን ላይ በ«ሌን» ቁጥር ሰጥቶ ማሳደግ ይቻላል። ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙን የሚገድለው የተነበበውን መስመር ሁሉ በአንድ ስትሪንግ (ጽሑፍ መያዣ) ጫፍ መቀጠል ነው፤ በቀጠሉ ቁጥር የቀደመው ሁሉ እንደ አዲስ ይገለበጣል።

ፋይሉን በባይነሪ (እንደ ጥሬ ባይት) ከፍቶ በጌት ትእዛዝ ቁራጭ በቁራጭ ለሚያነብ ጣጣው ሌላ ነው፦ ጆንያው በሁለት ምልልስ መሃል ይቀደዳል፤ መስመርም ፊደልም ለሁለት ይከፈላል። የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ስልት) 3 ባይት ስለሆነ፣ ክፍተት በሌለው ጽሑፍ 65,536 ባይት 21,845 ፊደልና የሚቀጥለውን ፊደል ሲሶ ይይዛል። ስለዚህ ከቁራጩ ጫፍ ወደ ኋላ ባይት 10ን (የመስመር ማብቂያውን) ፈልጉ፤ እስከሱ ያለውን አስተናግዱ፤ ትርፉን የሚቀጥለው ቁራጭ ፊት ለጥፉ። ባይት 10 በዩቲኤፍ-8 ፊደል መሃል አይገባምና ፊደል አይቆረጥም። ከባይት 10 በፊት ባይት 13 (እሱም በአንዳንድ ፋይል የመስመር ማብቂያው አካል ነው) ካለ ጣሉት። የመጨረሻው ጉዞ ጎዶሎ ሊሆን ስለሚችል የምታነቡበትን ስትሪንግ በቀረው ባይት ልክ አሳጥሩ፤ አለዚያ የቀድሞው ጭነት ርዝራዥ አብሮ ይቆጠራል። ፋይሉ ያለ መስመር ማብቂያ ካለቀም የመጨረሻው መስመር ትርፉ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል።

በሌላው የመጻፊያ ስልት፣ በዩቲኤፍ-16፣ የተጻፈ ፋይል ላይ ግን ይህን አትሞክሩ። እዚያ «ሊ» እና «ጊ» ራሳቸው ባይት 10ን ይዘዋል፤ «ጊዮርጊስ» ብቻውን ሁለት ቦታ ይሰበራል።