የፈረንሳይ ገጠር በብስክሌት፦ ስለ ጭር ያሉ መንገዶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፈረንሳይና ብስክሌት ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታየን ቱር ደ ፍራንስ ነው። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በውድድሩ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2024 ደግሞ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በሦስት የውድድር ቀናት አንደኛ ወጥቶ በነጥብ ለሚመራው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ወሰደ። እነዚያን ቀናት በስሜት የተከታተለ አበሻ ብዙ ነው።

እኔ ግን ልቤ ያለው ሌላኛው ፈረንሳይ ጋ ነው። ሩጫ የለም፣ ጩኸት የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ፔዳል ስትመታ ሁለት ወይ ሦስት መኪና ብቻ ያልፍሃል። የወፍና የጎማህን ድምፅ ትሰማለህ። አውሮፓ ውስጥ የሚኖሩ ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ ይጓጓሉ፤ ግን ከጉጉታቸው ጋር የተሳሳቱ ሐሳቦችንም ይዘው ይመጣሉ።

«ጸጥታ ከፈለግህ የብስክሌት መንገድ ፈልግ»

ለመኪና የተከለከሉ መንገዶች በርግጥ አሉ። «ቯ ቬርት» ይባላሉ። ብዙዎቹ የተሠሩት ባቡር በተወባቸው መስመሮች ላይ ወይም በቦይ ዳር ነው። በቡርጎኝ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ የሚሄደው በ1997 የተከፈተው በአሮጌ የባቡር መስመር ላይ ነው። ለልጅ፣ ለጀማሪ፣ ለአዛውንት ከዚህ የተሻለ የለም።

ግን መኪና የለም ማለት ጭር ብሏል ማለት አይደለም። በሐምሌና ነሐሴ እሑድ ከሰዓት ውጡና እዩ። ውሻ የሚያንሸራሽር አለ፣ የሕፃን ጋሪ የሚገፋ አለ፣ በሮለር የሚንሸራተት አለ። 900 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የሎዋር ወንዝ የብስክሌት መስመርም በክረምታችን ወራት በጎብኚ ይሞላል።

እውነተኛው ጸጥታ ያለው ማንም ለጎብኚ ያላዘጋጀው ተራ አስፋልት ላይ ነው። ፈረንሳይ ከ1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አላት። ከዚህ ውስጥ ወደ 700,000 ኪሎ ሜትር የሚሆነው «ኮምዩን» የሚባሉት ትንንሽ የአካባቢ አስተዳደሮች ንብረት ነው። የአውራ ጎዳናውና የፈጣን መንገዱ ድርሻ ከመቶ ሁለት እጅ አካባቢ ቢሆን ነው፤ የመኪናው ጎርፍ ግን የሚወርደው በዚያች ጥቂት ክፍል ላይ ነው።

ይሄ ሁሉ መንገድ ለምን ተሠራ? ድሮ ገጠሩ ሰው ነበረበት። በመሃል ፈረንሳይ ያለውን ክሮዝ የሚባለውን ግዛት እንውሰድ። በ1851 ወደ 287,000 ሰው ይኖርበት ነበር፤ ዛሬ 115,000 ገደማ ነው የቀረው። ሰዉ ወደ ፓሪስና ወደ ሊዮን ሄደ፤ መንገዱ ግን ቀረ። አንድ የእርሻ ቤት እንኳ ቢተርፍ የወተት ቦቴው መድረስ አለበት፣ ፖስተኛዋም መምጣት አለባት። ስለዚህ አስፋልቱ ይጠገናል። ለብስክሌተኛ ትልቁ ጸጋ ይሄ ነው። ክሮዝ፣ ሎዜር፣ ካንታል፣ ዤር፤ እነዚህን የግዛት ስሞች ያዙልኝ።

«ዲ የሚል ቁጥር ያለው መንገድ ሁሉ ሰላማዊ ነው»

ይሄኛው ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። በምልክት ሰሌዳ ላይ «ዲ» የሚለው ፊደል መንገዱ የግዛቱ አስተዳደር መሆኑን ነው የሚነግርህ። ስለ መኪናው ብዛት ምንም አይልም።

በ2006 አካባቢ መንግሥት ወደ 18,000 ኪሎ ሜትር የሚሆን ብሔራዊ መንገድ ለግዛቶቹ አስረከበ። ፊደሉ ተቀየረ፣ ከባድ መኪናው ግን እዚያው ነው። የድሮው «ኤን 20» በሎት ግዛት በኩል «ዲ 820» ሆኗል፣ «ኤን 9» ደግሞ «ዲ 809»። በ800ዎቹና በ900ዎቹ ቁጥር ሲያጋጥምህ የቀድሞ ዋና መንገድ ሊሆን እንደሚችል ጠርጥር።

ግን እዚህም ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። «ዲ 809» አጠገብ «አ 75» የሚባለው ፈጣን መንገድ ያልፋል። ከሚዮ ድልድይ በስተቀር ክፍያ የለውም። ነፃ ስለሆነ የጭነት መኪናው እዚያ ላይ ይሄዳል፤ አሮጌው መንገድም ሰፊ ሆኖ ሳለ ብዙ ቦታ ላይ ቀለል ይላል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አትይ። ሾፌሩ በዚህ በኩል ለመሄድ ምን ምክንያት አለው ብለህ ጠይቅ። ሁለት ከተማ የሚያገናኝ ከሆነ ምክንያት አለው። ሁለት ትንንሽ መንደር የሚያገናኝ ከሆነ የለውም።

«ስልኬ ይመራኛል»

ስልክ የሚመርጥልህ ብዙ ጊዜ አጭሩን ነው። አጭሩ ደግሞ ወይ መኪና የበዛበት ይሆናል፣ ወይ መጨረሻው የትራክተር ጭቃ ላይ ይጥልሃል። እኔ አሁንም የወረቀት ካርታ እላለሁ። የሚሽላን ካርታ፣ አንዱ ሴንቲ ሜትር 1.5 ኪሎ ሜትር የሆነውን ወይም 2 ኪሎ ሜትር የሆነውን።

ቀለሙን ማንበብ ብቻ ነው። ቀይ ዋና መንገድ ነው፣ ሽሽ። ቢጫ መካከለኛ ነው። ነጩ ያንተ ነው። ከዳር አረንጓዴ መስመር ከተሰመረለት መልክዓ ምድሩ ያማረ ነው ማለት ነው። መንገዱ ላይ የቀስት ጫፍ የመሰለች ምልክት ካየህ ዳገት አለ፤ አንድ ከሆነች ከ5 እስከ 9 በመቶ፣ ሁለት ከሆኑ እስከ 13፣ ሦስት ከሆኑ ከዚያ በላይ። የምልክቷ ጫፍ ወደ ሽቅቡ ነው የሚያሳየው። ቡና ይዘህ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግተህ ነጭ መስመሮችን በእርሳስ መቀጣጠል ራሱ ግማሽ ደስታ ነው።

«የቱር ደ ፍራንስ ተራሮች ላይ ካልወጣህ ፈረንሳይን አላየህም»

ታዋቂዎቹ ተራሮች ውብ ናቸው፤ ጭር ያሉ ግን አይደሉም። ሞን ቫንቱ በሐምሌ በብስክሌተኛ፣ በሞተርና በመኪና ይጨናነቃል። 21 ጠመዝማዛ ያለው የአልፕ ዲዩዝ መንገድ የሚያደርሰው የበረዶ መንሸራተቻ ከተማ ላይ ስለሆነ አውቶቡሱም አቅርቦት ጫኙም በዚያው ይወጣል። የግድ እዚያ መውጣት ካማረህ ከጀርባ ኮል ደ ሳሬን በሚባለው የተራራ መተላለፊያ በኩል ያለችው ጠባብ መንገድ አለች። በአልፕስ በአውሮፓ በጋ (በእኛ ክረምት) አንዳንድ ጠዋት ለመኪና የሚዘጉ መተላለፊያዎችም አሉ።

አቅም የለኝም የሚል ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ወዳለው ላንድ ወደሚባለው ግዛት ይሂድ። የጥድ ደን ነው፣ ሜዳ ነው። ዤር አጫጭር ኮረብታ ይበዛዋል፤ ማርሹ ቀላል ከሆነና ካልቸኮልክ ይወጣል።

«የፈረንሳይ ሾፌር ብስክሌተኛ አይወድም»

በከተማ የሚባለውን ለከተማ እንተወው። በገጠሩ የማየው ሌላ ነው፤ ትራክተር ነጂው እጁን ያነሳልሃል። ሕጉም ካንተ ጋር ነው። ከከተማ ውጪ የሚቀድምህ ሾፌር 1.5 ሜትር መራቅ አለበት፣ ከተማ ውስጥ 1 ሜትር። ከ2015 ጀምሮ አንተን ለመቅደም ያልተቋረጠውን መስመር መርገጥ ተፈቅዶለታል፣ ፊት ለፊቱ ነፃ ከሆነ። ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን መንዳትም ይቻላል፤ ሲመሽ ወይም ኋላችሁ ያለ መኪና ልለፍ ሲል ግን አንድ መስመር ግቡ።

«መኪና ከሌለ አደጋ የለም»

ይህን እባካችሁ በቁም ነገር ያዙት። መኪና ሲጠፋ ሰው ይዘናጋል፤ ቁልቁለት ላይ የመንገዱን መሃል ይይዛል። አንዷ መኪና ግን ልትመጣ ትችላለች፣ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት።

መንደር ውስጥ ደግሞ ከቀኝ የሚመጣ ቅድሚያ አለው። ከጎተራ ጀርባ ካለች ጠባብ መንገድ ድንገት መኪና ቢወጣ፣ ምልክት ከሌለ በቀር መቆም ያለብህ አንተ ነህ። ቢጫ አልማዝ ቅርፅ ካየህ ቅድሚያው ያንተ ነው።

በበጋ መንገድ ሲጠገን ሬንጅ ይፈስና ጠጠር ይበተንበታል፤ መኪናው እየረገጠ እስኪያጣብቀው ድረስ ጎማ ያንሸራትታል። «ግራቪዮን» የሚል ሰሌዳ ካየህ ፍሬንህን ቀድመህ ያዝ፣ አትታጠፍ። ከመስከረም እስከ የካቲት የአደን ወቅት ስለሆነ፣ በተለይ እሑድ፣ ደማቅ ልብስ ልበስ። በሌሊትና በጭጋግ ከከተማ ውጪ አንጸባራቂ ሰደርያ ግዴታ ነው። ሄልሜት በሕግ የሚገደዱት ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው፤ አዋቂም ቢያደርግ እላለሁ።

«መንደር ካለ የሚበላ አለ»

የለም። ያ ሰው የለቀቀው ገጠር ሱቁም ዳቦ ቤቱም ለቆታል። ያሉትም በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ዘግተው እስከ 9 ወይም 10 ሰዓት አይከፍቱም። ሰኞ ብዙዎቹ ጭራሽ አይከፍቱም። ስለዚህ ዳቦህን ጠዋት ያዝ። በነገራችን ላይ ከ6 እስከ 8 ሰዓት አገሩ ሁሉ ምሳ ላይ ስለሆነ መንገዱ በጣም ጭር የሚለው ያኔ ነው።

ውሃ ሲያልቅ የአገሬው ብስክሌተኛ የሚሄደው መቃብር ቦታ ነው። አበባ ማጠጫ ቧንቧ አለ፣ ብዙ ጊዜም የከተማ ውሃ ነው። «ኦ ኖን ፖታብል» ተብሎ ከተጻፈ ግን አይጠጣም። ነገሩ ለእኛ ሰው ከከበደ ግቢው ውስጥ ያለውን ሰው «ቦንዡር» ብሎ ኮዳ ማሳየት ይበቃል።

«እዚያ ለመድረስ መኪና ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። «ቴር» የሚባሉት የክልል ባቡሮች ብስክሌት በአብዛኛው በነፃ ይጭናሉ፤ አንዳንድ መስመሮች ላይ በበጋ ቦታ ማስያዝ ያስፈልጋል። ለክሮዝ ከፓሪስ ኦስተርሊትዝ ጣቢያ ወደ ሊሞዥ የሚሄደውን የረጅም ርቀት ባቡር ይዘህ ላ ሱቴሬን ላይ ትወርዳለህ። በዚህ ባቡር ለብስክሌቱ ቦታ አስቀድሞ መያዝ ግድ ነው፣ ቦታውም ጥቂት ስለሆነ ትኬቱን ስትቆርጥ አብረህ ያዘው።