የቆዩ ሃይ ሃት ሲምባሎች በመሃል አዲስ አበባ፦ አሰባሰባቸውና አጨዋወታቸው

ሃይ ሃት ከድራም ተጫዋቹ በስተግራ የሚቆምና ፊት ለፊት የተገጠሙ ሁለት ሲምባሎችን (ክብ የነሐስ ሳህኖችን) በእግር ፔዳል እየከፈተ የሚዘጋ መሣሪያ ነው። በዚህ ዳሰሳ የቆዩ የሚባሉት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ በፊት የተሠሩት ናቸው። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወርዶ እስከ ብሔራዊ ትያትርና እስከ ጊዮን ሆቴል ባለው የከተማው እምብርት፣ የእነዚህ ሲምባሎች ታሪክ ከኦርኬስትራዎቹና ከሆቴል ባንዶቹ ታሪክ ተለይቶ አይታይም። እዚህ የቀረበው ከሙዚቃ ታሪክ ጽሑፎች፣ ከሸክላዎችና ሲምባሎቹ ላይ ከታተሙት ማኅተሞች የተሰበሰበ ነው።

መሣሪያው የተወለደው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። መጀመሪያ ሁለቱ ሲምባሎች ከወለሉ ጥቂት ብቻ ከፍ ብለው በእግር ይጋጩ ነበር፤ በኋላ ዘንጉ ረዝሞ በስቲክ ለመምታት ወደሚመች ከፍታ ደረሱ። ዘንጉን ቀድሞ ያስረዘመው ማን እንደሆነ ዛሬም ያከራክራል። የምት መጠበቂያውን ከባስ ድራም (በእግር ከሚመታው ትልቅ ከበሮ) ወደ ሃይ ሃት በማሻገር ግን የካውንት ቤዚ የጃዝ ኦርኬስትራ ድራመር የነበረው ጆ ጆንስ ስሙ በቀዳሚነት ይነሣል። የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ትንንሽ ነበሩ፤ ከጊዜ በኋላ 14 ኢንች፣ ማለትም 35 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነው ልክ የተለመደ ሆነ።

የጥሩ ሲምባል ነሐስ ብዙውን ጊዜ 80 በመቶ መዳብና 20 በመቶ ቆርቆሮ ነው። ቅይጡ ቀልጦ ከፈሰሰ በኋላ በእሳት እየጋለ ደጋግሞ ይዳመጣል፣ በመዶሻ ይቀጠቀጣል፣ በመጨረሻም በቶርኖ ይላጫል፤ በገጹ ላይ የሚታዩት ቀጫጭን ክብ መስመሮች የቶርኖው ዱካ ናቸው። ይህን ጥበብ በዓለም ያስከበሩት እ.ኤ.አ. በ1623 በቁስጥንጥንያ ሥራቸውን የመሠረቱት አርመናውያኑ ዚልጂያኖች ናቸው። የቤተሰቡ አባል አቬዲስ ሣልሳዊ እ.ኤ.አ. በ1929 በማሳቹሴትስ ፋብሪካ ሲከፍት፣ ኢስታንቡል የቀረው ክፍል «ኬ ዚልጂያን» በሚለው ማኅተም እስከ 1970ዎቹ በእጅ መቀጥቀጡን ቀጠለ። ሰብሳቢዎች ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት ይህንኑ የኢስታንቡል ሥራ ነው። ከስዊዘርላንዱ ፓይስቴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው፣ የታችኛው ሲምባል ጠርዙ የተወላገደው «ሳውንድ ኤጅ» ይፈለጋል።

አዲስ አበባም በሙዚቃዋ ለአርመናውያን ባለውለታ ናት። ራስ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» ከእልቂት የተረፉ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ነበሩ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን «ኢትዮጵያ ሆይ» የተባለውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሷል። ከዚያ በፊት ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ነገሥት 40 የነሐስ መሣሪያዎችን ለዳግማዊ ምኒልክ እንደላኩ ይነገራል። በማርሽ ባንድ ዘመን ሲምባል በሁለት እጅ ተይዞ የሚጋጭ ነበር፤ ወደ እግር የወረደው ማርሹ ለዳንስ ኦርኬስትራ ቦታ ሲለቅ ነው።

ሃይ ሃት በከተማዋ የደመቀበት ዘመን ግን ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1966 ዓ.ም. ያለው ነው። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራዎች እርስ በርስ እየተፎካከሩ የራሱ መልክ ያለው የነሐስ ድምፅ ፈጥረዋል። ዛሬ ብሔራዊ ትያትር የሚባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት መድረኩ ለትልቅ ኦርኬስትራ የተመቸ ነበር፤ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በዚያ ያቀናበራቸውና ያሠለጠናቸው ብዙ ናቸው። ለእንደዚህ ያለ ኦርኬስትራ ድራመር የሳክስፎኖቹንና የመለከቶቹን ረድፍ አንድ ላይ የሚያስተነፍሰው በሃይ ሃቱ ነው። በኋላ ዓምኃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ አይቤክስ በራስ ሆቴል፣ ዋልያስም በሂልተን ሲጫወቱ፣ ባንዱ አነሰ፤ ሃይ ሃት ግን ጎልቶ ወጣ። የዘመኑ ቀረጻ ባንዱን በጥቂት ማይክራፎን የሚይዝ ስለነበር፣ በሸክላዎቹ ላይ የሲምባሎቹ መዘጋትና መፈታት እንደ ድምፃዊው ትንፋሽ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ችክችካ ሲጫወቱ የመሣሪያው ችሎታ ይበልጥ ይታያል። ምቱ 6/8 ሆኖ በሁለትና በሦስት አቆጣጠር መካከል ይወዛወዛል። ባስ ድራምና ስኔር (በስቲክ የሚመታው ትንሽ ከበሮ) የከበሮውን ሥራ ሲካፈሉት ሃይ ሃት የጭብጨባውን ቦታ ይይዛል፤ ጥሩ ድራመር ሲምባሎቹን ሙሉ በሙሉ ሳያጠብቅ ትንሽ ላላ አድርጎ ይይዛቸውና የስቲኩን ትከሻ በጠርዙ ላይ ያሳርፋል። ቀላልና ቀጭን የሆነው የቆየ ጥንድ ለዚህ አጨዋወት ይበልጥ ይስማማል፤ ከባዱ የዛሬ ሥራ ድምፁ ይጮኻል እንጂ አይለሰልስም።

በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የምሽቱን ገበያ አዳከመው፤ ቀጥሎ የመጡት ኪቦርዶችና የድራም ማሽኖች ድራመሩን ራሱን ከብዙ መድረክ አስወገዱት።

የድሮ ጥንድ የሚፈልግ ሰው ከማኅተሙ በፊት ጠርዙን ይመረምራል። ሲምባሉን በመሃሉ ቀዳዳ በጣት አንጠልጥሎ በጥፍሩ ጠርዙን ዙሪያውን ይዳስሳል፤ ጥፍር የያዘበት ቦታ ስንጥቅ ነው። ነሐሱ ቆርቆሮው የበዛ በመሆኑ ተሰባሪ ነው፤ በብየዳም ድምፁ አይመለስም። ቀጥሎ የመሃሉ ቀዳዳ በዘንጉ ተበልቶ ሞላላ እንዳልሆነ፣ ጉልላቱም (በመሃል ያበጠው ክፍል) እንዳልተሰነጠቀ ይታያል። ብዙውን ጊዜ የታችኛው ከላይኛው ይከብዳል፤ ሁለቱ እኩል ሲከብዱ ጥንዱ ተቀያይሮ ሊሆን ስለሚችል አብረው ሲዘጉ የሚሰጡትን ድምፅ ማድመጥ ያስፈልጋል። የተለያየ ማኅተም ያላቸው ሁለት ሲምባሎች አብረው ጥሩ ከዘጉ ለመጫወት ሙሉ ዋጋ አላቸው፤ በዚህ ጉዳይ ከማኅተም ይልቅ ጆሮን ማመን ይገባል።

ትልቁ ጠላት የነሐስ ዋጋ ነው። የተሰነጠቀ ወይም ጥንዱ የጠፋበት ሲምባል በቁራጭ ብረት ገበያ በኪሎ ሲመዘን ማኅተሙን የሚያነብ የለም። የከተማዋ መሃል መፍረስም ተጨምሯል፦ በጥር 2007 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የነበረው የጃዝ ክበብ ጃዛምባ ተቃጠለ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም ብዙ የፒያሳ ቤቶች ፈርሰዋል። ከየቤቱ የሚወጣ አሮጌ ዕቃ በጅምላ ሲሸጥ አንድ ሲምባል ከጥንዱ ለመለየት አይቸገርም።

የያዘው ሰው እንዲያብረቀርቅ ብሎ በማጽጃ ዱቄት ባያሸው ይመረጣል፤ የጠቆረው ገጽ ድምፁን ያለሰልሳል፣ ማሸቱም ማኅተሙን ያጠፋል። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አጥቦ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ በቂ ነው። ሲገጠምም የታችኛውን በማቆሚያው ብሎን ትንሽ ማዘንበል ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ አየሩ በመካከላቸው ይታፈንና ሃይ ሃቱ ሲዘጋ ድምፁ ይደነዝዛል።