ገንዘቡ ከማን ወደ ማን ነበር? ስለ 1960ዎቹ የአሜሪካ የንግድ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብዙዎቻችን ቴሌቪዥንን ያወቅነው በአንድ ጣቢያ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የመንግሥት ነበር፤ ስቱዲዮውም፣ ማሰራጫውም፣ ፕሮግራሙም ባለቤቱ አንድ። በዚህ ዓይን የአሜሪካን የንግድ ሥርጭት ስናይ አንድ ግዙፍ ኩባንያ ከላይ ተቀምጦ ከሁሉም የሚሰበስብ ይመስለናል። ስለዚያ ዘመን ሲወራ የምሰማቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ማን ለማን እንደከፈለ ከመገልበጥ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የኛ ስልሳዎቹ አብዮት የፈነዳባቸው ናቸውና እንዳይምታቱ።

«ሦስቱ ኔትወርኮች የአገሩን ጣቢያ ሁሉ ይዘውት ነበር፤ የየከተማው ጣቢያም ለፕሮግራሙ ይከፍላቸው ነበር»

ተገላቢጦሹ ነው። ኔትወርክ የሚባለው ለየከተማው ጣቢያ ፕሮግራም የሚያቀርብ ኩባንያ ነው፤ ሦስቱም ሲቢኤስ፣ ኤንቢሲና ኤቢሲ ናቸው። በወቅቱ ደንብ አንድ ኩባንያ ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ ሰባት የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። ከሰባቱም በቪኤችኤፍ፣ ማለትም ከቻናል 2 እስከ 13 ባለው ሞገድ የሚያሰራጩት ከአምስት መብለጥ አይችሉም። ሲቢኤስ ያን ሁሉ ዝና ይዞ የራሱ የነበሩት የኒውዮርክ፣ የሎስ አንጀለስ፣ የቺካጎ፣ የፊላደልፊያ እና የሴንት ሉዊስ ጣቢያዎች ብቻ ነበሩ። ፕሮግራሙን ተቀብለው የሚያስተላልፉት ሌሎቹ የሌላ ሰው ንብረት ናቸው፦ የጋዜጣ አሳታሚ፣ የኢንሹራንስ ኩባንያ፣ የከተማው ባለጸጋ ቤተሰብ።

ፈቃድ ሰጪው ኤፍሲሲ የሚባለው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ለጣቢያ ሲሆን ያኔ በየሦስት ዓመቱ ይታደስ ነበር። ኔትወርክ በኔትወርክነቱ የሚያወጣው ፈቃድ አልነበረም። ስለዚህ ኒውዮርክ የተሸጠ የሳሙና ማስታወቂያ ኦማሃ ያለች የቤት እመቤት ዘንድ እንዲደርስ ኔትወርኩ የኦማሃውን ጣቢያ ሰዓት መከራየት ነበረበት። ፕሮግራሙ የሚጓዝበት መስመር የስልክ ኩባንያው የኤቲ ኤንድ ቲ ስለሆነ ለእሱም ይከፍላል። የኦማሃው ሰውዬ ግን ፕሮግራሙን በነጻ ይቀበላል፤ በላዩ ላይ የሰዓት ክፍያ ይላክለታል። በፕሮግራሞች መሃል የሚተዉለትን ጥቂት ደቂቃ ደግሞ ለከተማው መኪና ሻጭና ለባለሱቁ እየቸረቸረ ገንዘቡን ለራሱ ያስቀራል።

ይህ ፈቃድ ምን ያህል ጉልበት እንደነበረው ለማየት ቴክሳስ፣ ኦስቲን ላይ ያለውን ኬቲቢሲን መመልከት ይበቃል። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው የሊንደን ጆንሰን ባለቤት ሌዲ በርድ የሬዲዮ ጣቢያውን በ1943 በ17,500 ዶላር ገዛች። ቴሌቪዥኑ በ1952 ተከፈተ፤ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽም በከተማዋ ሌላ የቴሌቪዥን ጣቢያ አልነበረም። ስለዚህ ሦስቱም ኔትወርኮች ኦስቲን ለመግባት በእሷ በር ማለፍ ነበረባቸው። ጣቢያው ከሦስቱም እየመረጠ ያስተላልፍ ነበር። ደጅ የሚጠናው ኔትወርኩ ነበር ማለት ነው።

ኤቢሲ ለዓመታት ሦስተኛ ሆኖ የቀረውም ፕሮግራሙ ስለከፋ ብቻ አይደለም። ብዙ ከተሞች የነበሯቸው ሁለት የቪኤችኤፍ ጣቢያዎች ብቻ ስለሆኑ ሲቢኤስና ኤንቢሲ ቀድመው ይዘዋቸዋል። የተረፈው ከቻናል 14 ጀምሮ ያለው ዩኤችኤፍ ነው፤ ይህንን ሞገድ ደግሞ አብዛኛው የቤት ቴሌቪዥን አይቀበልም። ኮንግረስ በ1962 ባወጣው ሕግ ምክንያት ከ1964 ጀምሮ የሚመረት ቴሌቪዥን ሁሉ ሁለቱንም እንዲቀበል ተገደደ። እስከዚያ ድረስ ኤቢሲ ሸቀጥ ይዞ ሱቅ ያጣ ነጋዴ ነበር።

«ቴሌቪዥን ሲመጣ ሬዲዮ ሞተ»

የሞተው የኔትወርክ የሬዲዮ ድራማ ነው። ሲቢኤስ የቀን ተከታታይ ድራማዎቹን በኖቬምበር 1960 ዘጋ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት የማታ ድራማዎች ሴፕቴምበር 30 ቀን 1962 ተሰናበቱ። ንግዱ ግን አድጓል። በአሥርቱ ዓመታት መጀመሪያ 3,400 ገደማ የነበሩት የኤኤም ጣቢያዎች በመጨረሻው ከ4,000 በላይ ሆኑ።

የተለወጠው ከፋዩ ነው። ድሮ ገንዘቡ ከኒውዮርክ ይመጣ ነበር፤ አሁን ከመንገዱ ማዶ ካለው የቤት ዕቃ መደብር ይመጣል። ወጪውም ቀለለ፤ አንድ ዲጄ፣ አንድ ክምር ሸክላ፣ ከዜና አገልግሎት የመጣውን ወረቀት የሚያነብ አንድ ሰው ይበቃል። ኦማሃ ላይ ቶድ ስቶርዝ፣ ዳላስ ላይ ጎርደን ማክሌንደን በ1950ዎቹ የጀመሩት፣ ጥቂት ተወዳጅ ዘፈኖችን ቀኑን ሙሉ የመደጋገም ዘዴ አገሩን አዳረሰ። ትራንዚስተር ሬዲዮ ኪስ ገባ፣ መኪናውም ሬዲዮ ተገጠመለት። ውዱ የማስታወቂያ ሰዓትም ከእራት በኋላ ወደ ሥራ መግቢያና መውጫ ተዛወረ።

ኤፍኤም እንኳ በወጣቶች አመፅ ተወለደ ሲባል እሰማለሁ። አወላለዱ እንደዚያ የሚያምር አይደለም። የኤፍኤም ፈቃድ የያዙት ባለቤቶች ወጪ ላለማውጣት የኤኤማቸውን ፕሮግራም በእሱም ላይ ይደግሙት ነበር። ኤፍሲሲ በአሥርቱ ዓመታት አጋማሽ ከ100,000 በላይ ሕዝብ ባለባቸው ከተሞች ከግማሽ በላይ መድገምን ከለከለ። የሚሞሉት ባዶ ሰዓት የመጣባቸው ባለቤቶች ርካሽ ሠራተኛ ፈለጉ። አንዳንዶቹም ሰዓቱን አንድ ሸክላ ሙሉ ፊቱን ሳያቋርጡ ለሚያጫውቱ ጸጉራም ወጣቶች ለቀቁላቸው። አመፁ የተፈቀደለት ርካሽ ስለነበረ ነው።

«ጣቢያው ዘፈን ባጫወተ ቁጥር ለዘፋኙ ይከፍላል፤ ዲጄ ገንዘብ መቀበሉም ድሮውኑ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነበር»

ሁለቱም አይደለም። የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያ አስካፕ እና ቢኤምአይ በሚባሉት ማኅበራት በኩል ለግጥምና ዜማ ደራሲውና ለአሳታሚው ይከፍል ነበር፤ ለድምፃዊውና ለሸክላ አሳታሚው ግን ምንም። (ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የሚያሽከረክር ወንድማችን መኪናው ውስጥ የሚሰማው ኤኤምና ኤፍኤም ዛሬም እንደዚያው ነው።) ሸክላ አሳታሚው ከሬዲዮ የሚጠብቀው ገንዘብ ሳይሆን ገበያ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በተቃራኒው አቅጣጫ ይፈስ ጀመር፤ «ይህቺን ዘፈን አደራ» ከሚለው ከአሳታሚው ወደ ዲጄው። ይህ ነው ፔዮላ የተባለው።

የኮንግረስ ምርመራ በ1959 ማብቂያና በ1960 ሲካሄድ ነገሩን በስሙ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ አልነበረም። ታዋቂው ዲጄ አለን ፍሪድ የተከሰሰው በኒውዮርክ የንግድ ጉቦ ሕግ ነው፤ በ1962 ጥፋተኝነቱን አምኖ 300 ዶላር ተቀጣ። ቅጣቱ ትንሽ ነው፤ ሥራው ግን ዳግም አላንሰራራም። የቴሌቪዥን የሙዚቃ ፕሮግራም አቅራቢው ዲክ ክላርክ ግን በሙዚቃ ኩባንያዎች ላይ የነበረውን ድርሻ ሸጦ በቴሌቪዥኑ ቀጠለ። በ1960 የወጣው ሕግ እስከ አንድ ዓመት እስርና 10,000 ዶላር ያስቀጣል። የሚቀጣው ግን መቀበልን ሳይሆን መደበቅን ነው። ማን እንደከፈለ በአየር ላይ ከተነገረ ወንጀል የለም።

«ፕሮግራሙን የሚያዘጋጀው ስፖንሰሩ ነበር»

እስከ 1950ዎቹ ድረስ እውነት ነው፤ የሳሙና ኩባንያው ከማስታወቂያ ድርጅቱ ጋር ድራማውን አሠርቶ ለኔትወርኩ ያስረክብ ነበር። ከዚያ የጥያቄና መልስ ውድድሮቹ ቅሌት መጣ። በኖቬምበር 1959 ከታዋቂዎቹ ተወዳዳሪዎች አንዱ የነበረው ቻርልስ ቫን ዶረን መልሶቹ አስቀድመው ይነገሩት እንደነበር በኮንግረስ ኮሚቴ ፊት አመነ። ኔትወርኮቹ «ከእንግዲህ ፕሮግራሙን እኛ እንቆጣጠራለን» አሉ። በእኔ ግምት ቅሌቱ ምክንያት ሳይሆን ሰበብ ነው። የአንድ ሰዓት ፕሮግራም ወጪ ለአንድ ኩባንያ ከብዶ ስለነበር ሰዓቱን በደቂቃ ከፋፍሎ ለብዙዎች መሸጥ ለኔትወርኩ የበለጠ አትራፊ ሆነ። ፕሮግራም አዘጋጆችም አየር ላይ ለመዋል ለኔትወርኩ የባለቤትነት ድርሻ ይሰጡ ነበር፤ ይህን ኤፍሲሲ የከለከለው በ1970 ነው።

የድሮው የስፖንሰር ጉልበት ግን ጨርሶ አልጠፋም። ኖቬምበር 17 ቀን 1968 ኤንቢሲ የኒውዮርክ ጄትስንና የኦክላንድ ሬይደርስን የአሜሪካ እግር ኳስ ግጥሚያ ሲያስተላልፍ ጄትስ ይመራ ነበር፤ የቀረው አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ልክ ከምሽቱ 7 ሰዓት (በነሱ ሰዓት አቆጣጠር) ሰዓት አምራቹ ታይሜክስ ገዝቶ የጠበቀው «ሃይዲ» የተባለ የልጆች ፊልም መጀመር ነበረበት፤ ጀመረም። ኃላፊዎቹ ሐሳባቸውን ቀይረው ግጥሚያው እንዲቀጥል ሊያዙ ቢሞክሩም፣ ስለ ፕሮግራሙ የሚጠይቁ ተመልካቾች የስልክ መስመሩን አጨናንቀውት ትእዛዙ አልደረሰም። ሬይደርስ ሁለት ጊዜ አግብቶ 43 ለ 32 አሸነፈ፤ አብዛኛው ተመልካች ያየው በሩጫ ፈንታ የስዊስ ተራራ ነው።

«ብዙ ሰው ያየው ፕሮግራም ይቀጥላል፤ ኒልሰንም ሁሉንም ይቆጥር ነበር»

ኒልሰን የተባለው ኩባንያ የአገሩን ተመልካች የሚለካው 1,200 ያህል ቤቶች ውስጥ በተገጠመ መሣሪያ ነበር። መሣሪያው የሚያውቀው ቴሌቪዥኑ መከፈቱንና ቻናሉን እንጂ ፊቱ የተቀመጠው ሰው ይሁን ድመት አያውቅም። በ1963 ኮንግረስ ስለነዚህ ቁጥሮች ምርመራ አካሂዷል።

አስነጋሪዎች ቀስ በቀስ «ስንት ሰው?» ትተው «ምን ዓይነት ሰው?» ማለት ጀመሩ። ሲቢኤስ በ1970 እና 1971 የገጠር ሕይወት የሚያሳዩ ፕሮግራሞቹን በጅምላ ሲዘጋ ብዙዎቹ ገና ብዙ ተመልካች ነበራቸው፤ ተመልካቾቹ ግን በዕድሜ የገፉና ከከተማ የራቁ ስለሆኑ ዋጋቸው ወርዷል። አንዳንዴ ደግሞ ቁጥርም ዕድሜም አይወስንም። በ1967 የካውቦይ ድራማው «ጋንስሞክ» እንዲቀር ተወስኖ ሳለ የሲቢኤስ ሊቀመንበር ዊልያም ፔሊ ስለሚወደው አስመለሰው። ቦታ እንዲያገኝ የተሰረዘው ሌላው ነው፤ «ጊሊጋንስ አይላንድ»።

«ያኔ አሜሪካ ሁሉም በከለር ያይ ነበር»

ሦስቱም ኔትወርኮች የማታ ፕሮግራማቸውን በከለር ያደረጉት በ1966 ነው፤ ያኔም አብዛኛው ቤት ጥቁርና ነጭ ነበረው። ኤንቢሲ ቀድሞ የገፋበት ምክንያት ጥበብ አይደለም። ባለቤቱ አርሲኤ የከለር ቴሌቪዥን አምራች ስለነበር ፕሮግራሙ ራሱ የዕቃው ማስታወቂያ ነው።

«የሲጋራ ማስታወቂያን ጣቢያዎቹ በፈቃዳቸው ተዉት»

ሲጋራ ከትልልቆቹ አስነጋሪዎች አንዱ ስለነበር ጣቢያዎቹ እስከ መጨረሻው ተሟግተዋል። በ1967 ኤፍሲሲ የሲጋራ ማስታወቂያ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ማጨስን ለሚቃወም መልእክትም የአየር ሰዓት እንዲሰጥ ወሰነ፤ በነጻ። እነዚያ መልእክቶች ሲበረቱ ቀድመው ከአየር ለመውጣት የተዘጋጁት፣ የሚገርመው፣ ሲጋራ አምራቾቹ ናቸው። እገዳው የጸናው ጃንዋሪ 2 ቀን 1971 ነው። የአንድ ቀን ልዩነቷ ለአዲስ ዓመት የእግር ኳስ ግጥሚያዎች ማስታወቂያ የተተወች ናት።

«ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ ተመልካች ምንም ማድረግ አይችልም»

እስከ 1966 ድረስ ይህ ከሞላ ጎደል እውነት ነበር። የኤፍሲሲ ሊቀመንበር ኒውተን ሚኖው በሜይ 1961 የሥርጭት ባለቤቶችን ሰብስቦ ቴሌቪዥናቸውን «ሰፊ ምድረ በዳ» ብሎ ወርፏቸዋል። ሕጉ ሳንሱርን ስለሚከለክል ግን ይህን አቅርቡ፣ ያንን ተዉ ሊል አይችልም። የቀረው መሣሪያ የፈቃድ እድሳት ነው። በእድሳት ላይ ተቃውሞ አቅርቦ ለመሰማት ደግሞ ሞገድህ መረበሹን ወይም ገቢህ መጎዳቱን ማሳየት አለብህ፤ ማለትም አንተም ባለጣቢያ መሆን አለብህ።

ጃክሰን፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ደብልዩኤልቢቲ የሚባል የኤንቢሲ ፕሮግራም የሚያስተላልፍ ጣቢያ ነበር። በአካባቢው ካለው ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ጥቁር ሆኖ ሳለ ጣቢያው የዘር መለያየትን ይደግፍ ነበር። በ1955 የጥቁሮች መብት ማኅበር ጠበቃ የቀረቡበትን የኔትወርክ ፕሮግራም ቆርጦ «ይቅርታ፣ የኬብል ችግር» የሚል ጽሑፍ አሳይቷል የሚል ክስ ቀርቦበታል። ዩናይትድ ቸርች ኦፍ ክራይስት የተባለችው ቤተ ክርስቲያን የኮሙኒኬሽን ቢሮ ከአገሬው ጥቁሮች ጋር ሆኖ በ1964 ፈቃዱ እንዳይታደስ ጠየቀ። ኤፍሲሲ «እናንተ ምን አገባችሁ?» የሚል መልስ ሰጠ።

የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዋረን በርገር በ1966 ተመልካችም ያገባዋል ብለው ጻፉ። ኤፍሲሲ እንደገና ሰምቶ እንደገና ፈቃዱን አደሰ። በ1969 በርገር ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትነት ከመሄዳቸው በፊት ከጻፏቸው የመጨረሻ ውሳኔዎች አንዱ ያንን ፈቃድ የሻረው ነው። ጣቢያው ለጊዜው ለትርፍ ላልተቋቋመ ድርጅት ተሰጠ፤ በ1972 ዊልያም ዲልዴይ የሚባል ጥቁር ሥራ አስኪያጅ ተሾመለት።